«በስንት አለቀ?»

ባለፈው እሑድ ከእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ በኋላ የተናገርኩት ነው። በጽሑፍ ይቅረብልን ያላችሁ ስለበዛችሁ እነሆ። ትንሽ አስተካክዬዋለሁ፤ ሌላው እንደተነገረው ነው።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ንብረት ግምት እንድናገር ስጠየቅ ወዲያው እሺ አልኩ። ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል 18 ዓመት ሠርቻለሁ። ብዙ ካርታ፣ ብዙ ሊብሬ በእጄ አልፏል። ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ግን የባንክ ሥራዬ አይደለም። በአንድ ቤት ዋጋ ምክንያት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሁለት ዓመት ተኮራርፈናል። ሌላ ቤተሰብ እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም።

አባታችን በ2013 ዓ.ም. አረፉ። ገርጂ 200 ካሬ ላይ ያለች ቤት ተዉልን። ሦስት ልጆች ነን። ታላቅ ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። እኔና ታናሽ እህታችን እዚሁ ነን። እህታችን ያደግንበትን ቤት መልቀቅ አልፈለገችም። ስለዚህ የሁለታችንን ድርሻ በገንዘብ ከፍላ ቤቱን ልታስቀር ተስማማን። ሁላችንም ደስ አለን። የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ቤቱ ስንት ያወጣል?

እኔ የለመድኩትን አደረግኩ። የማውቀውን የባንክ መሐንዲስ አስገመትኩ። 9 ሚሊዮን ብር አለ። ወንድሜ ደግሞ ማታ ማታ ቴሌግራም ላይ የሚለጠፉ ቤቶችን ሲያይ ከርሟል። «ገርጂ 200 ካሬ 28 ሚሊዮን ነው» አለ። በ9 ከሆነ እህታችን ለሁለታችን 6 ሚሊዮን ትከፍላለች፤ ተበድራም ቢሆን ትችለዋለች። በ28 ከሆነ ከ18 ሚሊዮን በላይ ልትከፍል ነው። ይህ ማለት ቤቱ ይሸጣል ማለት ነው። ወንድሜ ከእህቴ ጋር ተመሳጥሬ ዋጋ የቀነስኩ መሰለው። እኔም «አገሩን ረስቶታል» ብዬ ለዘመድ ተናገርኩ። ነገሩ ተመልሶ ጆሮው ገባ። ፋሲካ ሳንደዋወል አለፈ። የአባታችን ሙት ዓመት ላይ እንኳ በእህታችን ስልክ ነው ሰላም የተባባልነው።

ማናችንም አልዋሸንም። የኔ ቁጥር «ባንኩ ይህን ቤት መያዣ አድርጎ ስንት ቢያበድር አይከስርም?» ለሚል ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። የሱ ቁጥር «ሻጭ ስንት ቢያገኝ ደስ ይለዋል?» ለሚል። «እንዲህ ያለ ቤት በቅርቡ በስንት አለቀ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

«በስንት አለቀ?» የሚለው አነጋገራችን በጣም ትክክለኛ ነው። ገበያ ላይ አንድ ሰው ዋጋ ይጠራል፣ ሌላው ይከራከራል፣ ቁርጡ ይነገራል፣ ቀብድ ይከፈላል፣ ከዚያ ያልቃል። የገበያ ዋጋ የሚባለው ያለቀበት ነው። የተጠራው ዋጋ የክርክሩ መጀመሪያ ነው፤ ያን ቁጥር ይዞ ውርስ መካፈል አይቻልም።

መጨረሻ ላይ ያስታረቀችን እህታችን ናት። ሰፈር ውስጥ እየዞረች ጠየቀች። በስምንት ወር ውስጥ በዚያው መንገድና በጀርባው ሦስት ቤቶች ተሽጠው ነበር። አንዱን የነገራት ራሱ ሻጩ ነው። ሁለተኛውን ገዢዋ ነገረቻት። ሦስተኛውን ደላላውም ሻጩም ተመሳሳይ ቁጥር ነገሯት። 15 ሚሊዮን ተኩል፣ 17 ሚሊዮን፣ 18 ሚሊዮን። የ18ቱ አስፋልት ዳር ነው። የ15 ተኩሉ መግቢያው ጠባብ ነው፣ መኪና አያስገባም። የእኛ በሁለቱ መሃል ናት። በ16 ሚሊዮን ተኩል ተስማማን። ሁለት ዓመት ያኮራረፈን ነገር አሥር ቀን በማይሞላ ጊዜ አለቀ።

ስለ ቤት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚጣላው በዚህ ነውና።

የባንክ ግምት ለምን ያንሳል? መሐንዲሱ ግንባታውን ያሰላል። ስንት ካሬ ተሠራ፣ በምን ዕቃ፣ ስንት ዓመት ሆነው ይላል። ለእርጅናው ይቀንሳል። ለቦታው የተወሰነ ይጨምራል። ባንክ የሚያስበው ተበዳሪው ባይከፍል ቤቱን ቶሎ በሐራጅ ስለመሸጥ ስለሆነ እጁን ይይዛል። ደግሞም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም ይላል። ሰው ግን ገርጂ ወይም ቦሌ ላይ አሮጌ ቤት ገዝቶ በማግሥቱ የሚያፈርሰው ጭቃውን ፈልጎ አይደለም። የከፈለው ለይዞታው ነው። ይህ ክፍተት ባለበት ሁሉ የወረቀቱ ግምትና ገበያው ይራራቃሉ።

የኢንሹራንስ ግምት ሌላ ነው። ቤቱ ቢቃጠል መልሶ ለመሥራት ስንት ይፈጃል የሚለውን ነው የሚያየው። መሬት አይቃጠልምና አይቆጠርም። የማዘጋጃ ቤት ግምት ለግብር እና ለስም ማዛወሪያ ነው። ሁሉም ለተሠሩበት ጉዳይ ትክክል ናቸው። ችግሩ አንዱን አንሥተን የሌላው ቦታ ላይ ስናስቀምጥ ነው።

ውልና ማስረጃ የተፈረመው ውል ላይ ያለው ዋጋስ? ይህን ስናገር ልቤ ያዝናል፤ ግን እዚህ ያለን ሁሉ እናውቀዋለን። ብዙ ሰው ግብር እንዲቀንስ ብሎ ውሉ ላይ ከከፈለው በታች ያስጽፋል። በዚህ የተነሣ በወረቀት ሊገኝ ይችል የነበረው ትልቁ ማስረጃ ተበላሽቷል። ወንድሜ ባለበት በቨርጂኒያ ቤት የተሸጠበት ዋጋ በካውንቲው መዝገብ ላይ ለማንም ክፍት ነው። ጎረቤትህ በስንት እንደገዛ ቡና እየጠጣህ ታያለህ። እኛ ጋ መዝገቡ እውነቱን ስለማይናገር ሰው ያወራውን ለመስማት እንገደዳለን። ደግሞም ገዢው ነገ ክርክር ቢገጥመውና ውሉ ቢፈርስ የሚያስመልሰው የተጻፈለትን ነው። በ2017 ዓ.ም. የሪል እስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ አዋጅ ጸድቋል። ከዚህ አዋጅ ብዙ እጠብቃለሁ። ገማች ፈቃድ ኖሮት፣ ዋጋ ተመዝግቦ የሚሠራበት ቀን ቢመጣ ስንት ወንድማማች ከመካሰስ ይድናል።

ወንድሜ «እዚህ እኮ ዚሎው የሚባለው ድረ ገጽ አድራሻ ስትጽፍበት የቤቱን ዋጋ ይነግርሃል» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ይናገራል። ግን ያው ዚሎው በራሱ ግምት እየተመራ ቤት ገዝቶ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ዋጋ መተንበዩ አልሆነለትም፤ ኪሳራ ሲበዛበት በ2021 እ.ኤ.አ. ያን ሥራውን ዘጋው። ያን ሁሉ ክፍት መዝገብ ይዞ ነው እንግዲህ።

እኛ አገር ማንም የማይጠቀምበት አንድ መረጃ አለ፤ ሐራጅ። አዲስ ዘመንንና ሪፖርተርን ግለጡ። ባንኮች የያዙትን ቤት ለመሸጥ ማስታወቂያ ያወጣሉ። ቦታው፣ ስፋቱ፣ የካርታው ቁጥር፣ የጨረታ መነሻ ዋጋው፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፏል። መነሻ ዋጋው ገበያውን አያሳይም። ጨረታው ግን ማንም ሊገኝበት የሚችል ነው። በሰፈራችሁ ያለ ቤት ሐራጅ ሲወጣ ሂዱና ቁጭ በሉ። ተጫራቾቹ ብዙውን ጊዜ የመነሻውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ፣ አስይዘው ነው የሚገቡት። በቀልድ የሚጠራ የለም። የመጨረሻዋን ቁጥር በጆሯችሁ ሰምታችሁ ጻፏት። እኔ በሥራዬ ምክንያት ብዙ ሐራጅ ላይ ተገኝቻለሁ። ዋጋ በዓይኔ ፊት ሲወለድ ያየሁት እዚያ ነው። ሁለት ሰዎች ብቻ ሲቀሩ አዳራሹ ጸጥ ይላል። አንዱ ስልኩን ያያል፣ ወደ ሚስቱ ይደውላል፣ ራሱን ይነቀንቃል፤ አለቀ።

ደላላ ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ ጥያቄያችሁን ለውጡ። «እንዲህ ያለ ቤት ስንት ነው?» ካላችሁት የሚጠራውን ይነግራችኋል። «አንተ ራስህ ያገናኘኸው የመጨረሻው ቤት በስንት አለቀ? መቼ?» በሉት። የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይመልሳል። ካፈገፈገ ሌላ ጠይቁ። ቁጥሩን ከነገራችሁ በኋላም ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ ለሻጭ የተጣራ ነው ወይስ ስም ማዛወሪያና ግብር ከውስጡ ይወጣል? ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ ነው የተከፈለው ወይስ በየጊዜው? በአንድ ዓመት ውስጥ ተከፋፍሎ የተከፈለ 17 ሚሊዮንና ዛሬ እጅ በእጅ የተከፈለ 17 ሚሊዮን አንድ አይደሉም።

ካርታ ያለውን ከሌለው ጋር አታነጻጽሩ። ዕዳና እገዳ ያለበትን ከነጻው ጋርም እንደዚሁ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ አምስት ዓመቱ መሙላቱን እዩ። ሳይሞላ በውክልና የሚሸጥ አለ። ገዢው አደጋውን ስለሚያውቅ ዝቅ አድርጎ ነው የሚከፍለው። ያን ዋጋ ሰምታችሁ የራሳችሁን ቤት እንዳታረክሱ።

ቀኑ ደግሞ ሁሉንም ይገዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ዶላር በዋዜማው 57 ብር ግድም ነበር። በመጀመሪያው ቀን 74 ገባ፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ስለዚህ ከዚያ በፊት የሰማችሁት ዋጋ በተለይ ከውጭ ለሚመጣ ነገር ታሪክ ነው። «የአክስቴ ልጅ ቪትዝ በዚህ ሸጠ» የሚል ሰው መጀመሪያ መቼ እንደሆነ ይንገረን። መኪና ላይ ብዙ አልቆይም፤ ገበያው ፈጣን ነው፣ ተመሳሳይ መኪና ብዙ ነው፣ ሦስት ቦታ ጠይቆ ማወቅ ይቻላል። ሞዴሉን፣ ታርጋውን፣ የሄደበትን ኪሎ ሜትርና ሊብሬው ላይ ዕዳ መኖር አለመኖሩን አንድ አድርጋችሁ አነጻጽሩ።

አሁን ወደ አክሲዮን ልምጣ። እዚህ ካለን ብዙዎቻችን የባንክ ወይም የኢንሹራንስ አክሲዮን አለን። አባቶቻችን ገዝተው መሳቢያ ውስጥ የተዉትም አለ። ስንት ነው ሲባል ሁላችንም ሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈውን እናነባለን። ያ የተመሠረተበት ዋጋ ነው። ሠርግ የተደገሰበትን ወጪ አይቶ ትዳሩ ዛሬ እንዴት እንደሆነ መናገር አይቻልም። አንድ የማውቀው ቤተሰብ ሟች አባት የተዉትን አክሲዮን በዚያው በተጻፈበት ዋጋ ለዘመድ አስተላለፈ። ባንኩ ዘንድ ስልክ ደውሎ የጠየቀ የለም። በኋላ ሲሰሙ እናታቸው ምን እንዳለቀሱ አይቻለሁ።

እንዲህ አድርጉ። የባንኩን አክሲዮን ክፍል ደውላችሁ በቅርቡ የተዘዋወሩት በስንት እንደተዘዋወሩ ጠይቁ። ከዚያ ዓመታዊ ሪፖርቱን አውጡና ጠቅላላ ካፒታሉን በአክሲዮኑ ብዛት አካፍሉ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ጠቅላላ ካፒታሉ 12 ቢሊዮን ብር ቢሆንና 8 ሚሊዮን አክሲዮን ቢኖር አንዱ 1,500 ብር ይሆናል። ሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈው 1,000 ቢሆንም ማለት ነው። ይህ የመዝገብ ዋጋ ነው። ገበያው ከዚህ በላይም በታችም ሊሆን ይችላል፤ ግን ቢያንስ የምትቆሙበት መሬት አገኛችሁ። ትርፍ ክፍፍልንም በዚሁ ዓይን እዩ። ባንኩ ለአንድ አክሲዮን 250 ብር ካከፋፈለ 25 በመቶ ተባለ ብሎ ሁሉም ይደሰታል። አክሲዮኑን በ1,500 ለሚገዛ ሰው ግን 17 በመቶ እንኳ አይሞላም። ገዢ የሚያሰላው ይህን ነው።

ወሩንም ልብ በሉ። የባንኮች የበጀት ዓመት ሰኔ ላይ ይዘጋል፤ ትርፍ የሚከፋፈለው ከጠቅላላ ጉባኤ በኋላ ነው። ከጉባኤው በፊት የሚሸጥ ሰው የዓመቱ ትርፍ ለማን እንደሆነ ውሉ ላይ ማስጻፍ አለበት። ለመግዛት የተፈረመ አክሲዮንና ገንዘቡ የተከፈለ አክሲዮንም ይለያያሉ። ሟች የፈረሙት ሁሉ ተከፍሎ ላያልቅ ይችላል።

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። አክሲዮን በስንት እንዳለቀ በአደባባይ የሚታይበት ቦታ አገኘን። ገና ልጅ ገበያ ነው። የሚገዛና የሚሸጥ ጥቂት ሲሆን አንድ ሰው ቸኩሎ የሸጠበት ዋጋ የሁሉም ዋጋ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን በዚያ ቀን ስንት አክሲዮን እንደተሸጠም እዩ። ኢትዮ ቴሌኮም ደግሞ አክሲዮኑን ለሕዝብ ያቀረበው አንዱን በ300 ብር ነው፤ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። 300ው ሻጩ ያወጣው ዋጋ ነው። ያን አክሲዮን የያዛችሁ ገዢና ሻጭ ሲገናኙ የሚወጣውን እዩ።

ወርቅ ላይ ያለው ችግር የሚመዘን ነገር በመሆኑ ሁሉም የሚያውቀው ይመስለዋል። 24 ካራት ንጹሕ ነው። 21 ካራት ከመቶ 87 ተኩሉ ወርቅ ነው። 18 ካራት 75ቱ ነው። የዓለም ዋጋ የሚነገረው ለንጹሕ ወርቅ፣ በትሮይ አውንስ ነው፤ ይህም 31.1 ግራም ነው። የእኛ ወቄት ግን 28 ግራም ገደማ ነው። አንድ ናቸው ብሎ የሚያሰላ ሰው ከመጀመሪያውኑ ተሳስቷል። አውንሱ 4,000 ዶላር ነው እንበል። ለ31.1 ሲካፈል ግራሙ 128 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው። 21 ካራት ከሆነ 112 ተኩል ገደማ። ይህ የብረቱ ዋጋ ነው። ስንገዛ የእጅ ዋጋ ከፍለናል፤ ስንሸጥ ማንም አይመልስልንም። ፈርጥ ካለው ፈርጡ እንደ ወርቅ አይመዘንም። ብሔራዊ ባንክ ወርቅ የሚገዛበትን ዋጋ በካራት ለይቶ ያወጣል። ወርቅ ቤት ከመግባታችሁ በፊት እሱን አይታችሁ ግቡ። ከዚያ ሦስት ወርቅ ቤት አስመዝኑ። ሚዛኑ ወደ እናንተ ዞሮ ይመዘን።

ሚዛን ካልኩ የእናቴን ጠገራ ብር ልንገራችሁ። ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ አሥራ አንድ ነበረ። ከአያቴ የመጣ ነው። እናቴ ስትታመም ገንዘብ አስፈለገን። አንድ ወርቅ ቤት ወሰድኩት። ሰውየው ሚዛን ላይ ከመረው፣ «አሮጌ ብር ነው» አለ፣ በግራም ዋጋ ቆረጠልኝ። ተቀብዬ ወጣሁ። አንዱን ብቻ ለማስታወሻ አስቀርቼ ነበር። ከወራት በኋላ ማታ መብራት ሥር አገላብጬ አየሁት። ጠገራ ላይ የሚኖረው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል የለበትም። አንበሳ ነው ያለው። በዙሪያው «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ይላል። የምኒልክ ብር ነው፤ ፓሪስ የተሠራ። ከአሥሩ መሃል እንዲህ ያለ ሌላ ነበረ ወይ? አላየሁም። እናቴ ጨርቁን ስትሰጠኝ «እያየህ» ብላኝ ነበር።

ጠገራ ብር 28.07 ግራም ነው፤ ወቄት የምንለው ክብደት ማለት ነው። ከመቶ 83 እጅ ብር አለው፤ የቀረው መዳብ ነው። ስለዚህ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ነው፤ የአንድ ትሮይ አውንስ ሦስት አራተኛ። ብር በዓለም ገበያ አውንሱ 40 ዶላር ቢሆን አንድ ጠገራ ብረቱ ብቻ 30 ዶላር ነው። ይህን ቁጥር ሳያውቅ የሚሸጥ ሰው ምን ተቀብሎ እንደወጣ አያውቅም። እኔም አላወቅኩም ነበር።

ከዚያ በላይ ያለው የሰብሳቢዎች ዋጋ ነው። እዚህ ላይ ሁሉም የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጠገራ ብር ላይ የተጻፈው 1780 የተሠራበት ዓመት አይደለም። ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በለንደን፣ በሮም፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ይህንኑ ዓመት እየያዘ ተሠርቷል። ቪየና እስከ ዛሬ ትሠራለች። «የ240 ዓመት ቅርስ ነው» ብሎ ሚሊዮን የሚጠራ ሰው ካያችሁ አትደንግጡ። አብዛኛው ከብረቱ ዋጋ ብዙም አይርቅም። የት እንደተሠራ የሚለየው በጥቃቅን ምልክት ነው፤ ያን የሚያውቅ ሰው ማሳየት ያስፈልጋል። ድሮ ገበያተኛው ራሱ የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁ ሳያይ አይቀበልም ነበር፤ ዕንቁው ከደበዘዘ ይመልሰዋል። ጠርዙ ላይም በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ጽሑፍ ዙሪያውን አለ። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ወይም ክብደቱ ከጎደለ ጠርጥሩ። ማግኔት ከያዘው ብር አይደለም።

ዋጋውን ለማወቅ ኢቤይ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ መግባት ትችላላችሁ። ግን ለሽያጭ የቀረበውን ትታችሁ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ምረጡ። አንዱ 900 ዶላር ጠርቶ ዓመት ሙሉ ሳይሸጥ ተሰቅሏል፤ ሌላው እንደሱ ያለውን በ40 ሸጧል። በካታሎግ የሚታተመው ዋጋም ነጋዴው ሲሸጥ የሚጠራው ነው፤ ከእናንተ ሲገዛ ከዚያ ብዙ ዝቅ ይላል።

ቴምብርም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን የምኒልክና የአንበሳ ምስል ያለባቸው ሰባት ናቸው፤ በ1894 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ታተሙ። ያልተጠቀሙበት በብዛት ስለተረፈ እንደ ዕድሜያቸው ውድ አይደሉም። ፖስታው ላይ ተለጥፎ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ በእውነት ከቦታ ቦታ የሄደ ደብዳቤ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ የድሮ ደብዳቤ ያላችሁ ቴምብሩን ቀድዳችሁ አታውጡ። ለልጆቻችሁም ንገሯቸው።

የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል፣ የድሮ ሥዕል ያለው ሰው ካለ አጥብቄ የምናገረው አለ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። የቤተ ክርስቲያን ከሆነ ደግሞ የእናንተ አይደለም። «ለፈረንጅ ስንት ይሸጣል?» ብላችሁ አትጠይቁኝ። በ2021 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ዶርሴት ከመቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. የተዘረፉ ዕቃዎች ለጨረታ ሊቀርቡ ነበር። ኤምባሲያችን ጠይቆ ከጨረታው ወጡ፤ ሼሄራዛድ የተባለ ፋውንዴሽን ገዝቶ ለኢትዮጵያ አስረከበ። የተዘረፈ ነገር በስንት አለቀ አይባልም። ያላችሁን ለቅርስ ባለሥልጣን አስመዝግቡ።

ይህን ተናግሬ ስጨርስ ጥያቄ ተከፈተ። አንድ አባት «ለልጆቼ ሳልሞት ዋጋውን ላስጽፍ ወይ?» አሉ። ዋጋው ይለወጣል፤ ዝርዝሩን ያስጽፉ አልኳቸው። ካርታው የት እንዳለ፣ አክሲዮኑ ስንት እንደሆነና ስንቱ እንደተከፈለ፣ ወርቁ ስንት ግራምና ስንት ካራት እንደሆነ። በስንትና መቼ እንደተገዛም ጭምር፤ ለግብር ያስፈልጋል። አንዲት እህት ደግሞ ሦስት የተሸጠ ቤት ካላገኘሁስ አለችኝ። ክልሉን ሰፋ አድርገሽ ሁለት ሰፈር ፈልጊ፣ ካልሆነም ኪራዩን አስይ አልኳት። የሰፈሩ ቤት የሚከራየው በስንት እንደሆነ ይታወቃል፤ የተሸጠ አንድ ቤት ካገኘሽ ዋጋው የስንት ዓመት ኪራይ እንደሆነ አውጪና በራስሽ ቤት ኪራይ አባዢው።

ሰው ሲበተን አንዲት እናት ወደ ጥግ ጠሩኝ። መሀረባቸውን ፈቱ። ሁለት ብር አለበት፤ አንድ ጠገራ፣ አንድ የምኒልክ። ጠገራው ወዙ ጥቁር ብሏል፣ ዕንቁው ቁልጭ ብሎ ይታያል። የምኒልኩ ግን እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል። የአንበሳው ጎፈር ተፍቆ ጠፍቷል። «በየፋሲካው በሎሚና በአመድ አሸዋለሁ፣ እንዳይበላሽብኝ ብዬ» አሉኝ። የታሸ ብር ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው እንደሚወርድ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ቤት ሰባት አለ፤ እነሱን አልነካኋቸውም፣ ለሆሳዕና ላወጣቸው ነበር» አሉ።

እጃቸውን ይዤ እንዳያጥቧቸው ለመንኳቸው። ለልጃቸውም ደወልኩ። ማክሰኞ ሚዛን ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ።